ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር እና «ኢነር ሲቲ ብሉዝ»፦ ስለ አልበሙና ስለ ዳግም ኅትመት ሸክላው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ አልበም ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ጠጣሩ አስቀምጫለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኢነር ሲቲ ብሉዝ» ምን ዓይነት አልበም ነው?

አሜሪካዊው ሳክስፎን ተጫዋች ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር በራሱ ስም ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ነው። በ1971 ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ኢንግልዉድ ክሊፍስ በሚገኘው የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ተቀረጸ። ያሳተመው ኩዱ የሚባል ሌብል (የሸክላ አሳታሚ) ነው። ኩዱ ማለት ያ ቀንዱ የተጠማዘዘው የቆላ አጋዘን ነው። ሌብሉ ያኔ ገና መቋቋሙ ስለነበር ይህ ሸክላ የያዘው ቁጥር 03 ነው።

ስድስት ትራክ አለው። ግሮቨር የደረሰው አንድም የለም። ሁሉም ሌላ ሰው የዘፈናቸው፣ ሕዝብ አፍ ላይ የነበሩ ዘፈኖች ናቸው። ዘፋኝ ግን የለም። የዘፋኙን ቦታ የያዘው ሳክስፎኑ ነው።

ግሮቨር ዋሽንግተን ጁኒየር ማን ነበር?

በ1943 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳክስፎን ይጫወት ነበር። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ትዘምር ነበር። ወታደር ቤት ሳለ ከበሮ ተጫዋቹን ቢሊ ኮብሃምን ተዋወቀ፤ ኮብሃምም ከኒው ዮርክ ሙዚቀኞች ጋር አስተዋወቀው። ከውትድርና በኋላ ፊላደልፊያ ከተመ። እዚያ ለአንድ ሸክላ አከፋፋይ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የሌሎችን ሸክላ ሲያከፋፍል የነበረ ሰው ነው እንግዲህ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው በኋላ በሠራቸው ነው። በ1975 «ሚስተር ማጂክ»፣ በ1980 ደግሞ «ዋይንላይት» ወጡ። በ1999 ኒው ዮርክ ውስጥ ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ተጫውቶ እንደጨረሰ ታመመና በዚያው አረፈ። 56 ዓመቱ ነበር።

ዘፈኖቹ የማን ናቸው?

ሁለቱ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የማርቪን ጌይ ናቸው፦ የአልበሙ መጠሪያ የሆነው «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» እና «መርሲ መርሲ ሚ»። ሁለቱም በግንቦት 1971 ከወጣው ታዋቂ አልበሙ የተወሰዱ ናቸው። ይህንን ልብ በሉልኝ። ግሮቨር ሲጫወታቸው ዘፈኖቹ የወራት ዕድሜ ብቻ ነበራቸው። ሬዲዮ ላይ ገና ትኩስ ነበሩ።

አንዱ የቢል ዊዘርስ «ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ነው። እሱም የዚያው ዓመት ዘፈን ነው። እዚህ ከአንድ የፊልም ሙዚቃ ጋር ተቀጥሎ ነው የተሠራው። አንዱ የባፊ ሴንት ማሪ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ። የቀሩት ሁለቱ የቆዩ ናቸው። «ጆርጂያ ኦን ማይ ማይንድ» የ1930 ዘፈን ነው፤ ሬይ ቻርልስ በ1960 ሲዘፍነው ግን የራሱ አስመሰለው። «አይ ላቭስ ዩ ፖርጊ» ደግሞ ጆርጅ ገርሽዊን በ1935 ለመድረክ ካቀረበው ኦፔራ የመጣ ነው።

ግጥሙ ከሌለ ከዘፈኑ ምን ይቀራል?

ይህንን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። መልሱ ያለው አልበሙ ውስጥ ስለሆነ በመጠሪያው ዘፈን ልጀምር። ማርቪን ጌይ «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» ላይ የሚያወራው ስለ ኑሮ ነው። ግብር፣ ዕዳ፣ የኑሮ ውድነት፣ ደሃው እያለ ለጨረቃ ሮኬት የሚወጣ ገንዘብ። ይህ ሁሉ ያስጮኸኛል ይላል። የሚገርመው ግን አይጮህም። በለሆሳስ፣ በቀጭን ድምፅ፣ ራሱን እንደያዘ ነው የሚዘፍነው። ጩኸቱ ጉሮሮው ላይ ቀርቷል።

ግሮቨር ይህንን ተረድቶታል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ዜማውን እንዳለ ያስቀምጠዋል። አንድም ኖታ አያበዛም። ከስር ባሱና ከበሮው ያንኑ ምልልስ ይደጋግማሉ፤ እንደማይለወጥ ኑሮ። ከዚያ ቀስ እያለ ከዜማው ይወጣል። አንድ ሐረግ ይይዝና ያጥፈዋል፣ ይደግመዋል፣ ከፍ ያደርገዋል። ድምፁ እየሻከረ ሲሄድ፣ ማርቪን ጉሮሮው ላይ ያስቀረው ጩኸት እዚህ ወጣ እንዴ ያሰኛል። ትራኩ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል።

«ኤይንት ኖ ሰንሻይን» ሌላ ነገር ነው። ቢል ዊዘርስ መሃል ላይ «አውቃለሁ» የምትለዋን ቃል 26 ጊዜ ይደጋግማል። ሌላ ግጥም ሊጨምርበት አስቦ ነበር፤ አብረውት የነበሩት ሙዚቀኞች ተወው፣ እንዲሁ ይሁን አሉት። ዋናው ዘፈን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ግሮቨር ከፊልሙ ሙዚቃ ጋር አያይዞ አራት እጥፍ ያህል አስረዝሞታል። ሳክስፎን «አውቃለሁ» ማለት አይችልም። ዘፈኑን የሚያውቅ አድማጭ ግን ቃሉን በልቡ ይሞላዋል። ዘፈኑ ያልታወቀ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሠራም ነበር። የታወቀ ዘፈን መምረጡ ስንፍና አልነበረም። ግማሹን ሥራ ለአድማጩ ትውስታ ሰጥቶታል።

አልበሙ በአጋጣሚ ነው የተሠራው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ለቀረጻው የታሰበው ሳክስፎን ተጫዋች ሃንክ ክሮፎርድ ነበር። ቀኑ ሲደርስ መምጣት አልቻለም። ፕሮዲዩሰሩ ክሪድ ቴይለር ደግሞ ቀን ይዟል፣ ስቱዲዮ ይዟል፣ ሙዚቀኞች ጠርቷል። ይህን ሁሉ ማፍረስ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት በኦርጋን ተጫዋቹ ጆኒ ሃመንድ ሸክላ ላይ አጅቦ የተጫወተውን ልጅ ጠራው። ልጁ ግሮቨር ነው፤ 27 ዓመቱ ነበር።

ችግሩ ግሮቨር አዘውትሮ የሚጫወተው ቴነር፣ ማለትም ወፈር ያለ ድምፅ ያለው ሳክስፎን ነበር። ለክሮፎርድ የታሰበው ግን አልቶ፣ ቀጠን ያለ ድምፅ ያለው ነው። እንደሚነገረው አልቶውን በኪራይ አመጡለት። የታሪኩን ዝርዝር ሰው እያሳመረ ሊነግረው ይችላል፤ የመተካቱ ነገር ግን ክርክር የለበትም። እኔ አንድ የራሴ ግምት አለኝ። ክሮፎርድ የሬይ ቻርልስ ባንድ የሙዚቃ መሪ የነበረ ሰው ነው። «ጆርጂያ ኦን ማይ ማይንድ» እዚህ አልበም ውስጥ መግባቱ ለሱ ታስቦ ይመስለኛል። ግሮቨር ለሌላ ሰው በተሰፋ ልብስ ነው ሰርግ የገባው። ልኩ ሆነ።

እነማን አጅበውታል?

አቀናባሪው ቦብ ጄምስ ነው፤ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም የሚጫወተው እሱ ነው። ባስ ሮን ካርተር፣ ከበሮ ኢድሪስ ሙሐመድ፣ ጊታር ኤሪክ ጌል፣ ኦርጋን ሪቻርድ ቲ። የእጅ ከበሮውንና ሌሎቹን የምት መሣሪያዎች የሚጫወተው ብራዚላዊው አይርቶ ሞሬራ ነው። ከትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹ መካከል ታድ ጆንስ አለበት። ሮን ካርተር እስከ 1968 ድረስ ከታዋቂው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ከማይልስ ዴቪስ ጋር ዓለምን የዞረ ሰው ነው። ለአንድ የማይታወቅ ተተኪ ይህ በጣም ትልቅ አጃቢ ነው።

የጃዝ ሰዎች የፖፕ ዘፈን መጫወት የጀመሩት ያኔ ነው?

በፍጹም። ጃዝ ከጥንትም የሚኖረው በዘመኑ ዘፈን ነው። «ስታንዳርድ» የሚባሉት አብዛኞቹ ዘፈኖች ሲወለዱ የብሮድዌይ ቲያትርና የፊልም ዘፈኖች ነበሩ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆን ኮልትሬን በ1960 የቀረጸው «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት መድረክ ላይ ከወጣ ሙዚቃዊ ቲያትር የተወሰደ ነው። ዛሬ ስለቆየ የተከበረ መሰለን እንጂ የሰሞኑ ዘፈን ነበር።

በ1960ዎቹ የተለወጠው ምንጩ ነው። ብሮድዌይ ቀርቶ ሶልና ሮክ መጡ። ራምሲ ሉዊስ በ1965 ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቦሂሚያን ካቨርንስ ክለብ ውስጥ «ዚ ኢን ክራውድ»ን በፒያኖ ተጫውቶ የአሜሪካ የፖፕ ሰንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ታዳሚው ሲያጨበጭብ ሸክላው ላይ ይሰማል። ዌስ ሞንትጎመሪ በ1967 የቢትልስን ዘፈን በጊታር ሠራ። ያንንም ያሠራው ክሪድ ቴይለር ነበር። ጆርጅ ቤንሰን ደግሞ በ1970 የቢትልስን አንድ ሙሉ አልበም ዘፈኖች ወስዶ የራሱን አልበም አወጣ። ስለዚህ ግሮቨር ሲመጣ መንገዱ ተጠርጓል።

ይሄ ጃዝ ነው ወይስ የሊፍት ሙዚቃ (ሰው ልብ ሳይለው ከጀርባ የሚጫወት ለስላሳ ሙዚቃ)?

ተቺዎች ያኔም እንዲህ ብለዋል። ሲቲአይ፣ ማለትም የኩዱ እናት ድርጅት፣ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ጃዝን በማለስለስ ነው። ቫዮሊን ይጨመራል፣ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፣ ዘፈኑ የታወቀ ነው። ግሮቨርም ዘግየት ብሎ «ስሙዝ ጃዝ» (ለስላሳ ጃዝ) ለተባለው ዘውግ አባት ተደረገ። እሱ ያላሰበውን ልጅ ሁሉ በሱ ስም አስመዘገቡለት።

እኔ ክሱን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። የባፊ ሴንት ማሪ ዘፈን ላይ ቫዮሊኖቹ ስኳር ያበዛሉ። ብዙ ጊዜ እሱን አልፈዋለሁ። ግን መጠሪያ ትራኩን ክፈቱና ከሳክስፎኑ ይልቅ ኢድሪስ ሙሐመድን ብቻ ስሙ። የኒው ኦርሊንስ ልጅ ነው። የሃይ ሃት (በእግር የሚገጣጠሙት ጥንድ ሲምባሎች) ድምፁ፣ ያቺ የምትዘገይ የስኔር (የትንሿ ከበሮ) ምት፣ ሊፍት ውስጥ አትሰማም። ሰውን ወገቡን ታስነቀንቃለች።

የቱን ላስቀድም? ዋናዎቹን ዘፈኖች ወይስ ይህንን አልበም?

ዋናዎቹን። እኔ በተቃራኒው ነው የሰማሁት። የግሮቨርን ቀድሜ ስለሰማሁ «መርሲ መርሲ ሚ» ደስ የሚል የቅዳሜ ከሰዓት ዜማ ይመስለኝ ነበር። ማርቪን ጌይን ስሰማው ደነገጥኩ። የሚያወራው ስለተመረዘ አየር፣ ባሕር ላይ ስለፈሰሰ ዘይት፣ ሜርኩሪ ስለሞላባቸው ዓሦች ነው። ከዚያ በኋላ የግሮቨር ሳክስፎን ያው ሳክስፎን አልሆነልኝም። ለስላሳነቱ ውስጥ ሐዘን አገኘሁበት። ዋናውን ሁለት ሦስት ጊዜ ስሙት፤ ግጥሙ ይግባ። ከዚያ ወደዚህ ኑ።

ዳግም የታተመ ሸክላ ማለት ምን ማለት ነው? አዲስ ቀረጻ ነው?

አይደለም። ቀረጻው ያው የ1971 ነው። አዲሱ ነገር ፕላስቲኩና ቅርጹ ብቻ ነው። ከተቀዳው ድምፅ ተነስቶ እንደገና ይቆረጣል። በአሉሚኒየም ላይ ለስላሳ ላከር የተቀባ ሳህን ይሽከረከራል። የጋለ ሹል መቁረጫ ድምፁን እየተከተለ ጥምዝምዝ ቦይ ያወጣበታል። ሳህኑ በብር ይረጫል፣ በኒኬል ይለበጣል። ሲላቀቅ ግልባጩ ይወጣል። ከሱ «እናት» የምትባል ቅጂ፣ ከእናቲቱ ደግሞ ማኅተም ይሠራል። ማኅተሙ የጋለ ፕላስቲክ ላይ ሲጫን ሸክላ ይሆናል። ከሩቅ ዳቦ መጋገር ይመስላል፤ ከቅርብ ሲያዩት ግን አቧራ ብናኝ እንኳ የሚያበላሸው ሥራ ነው።

ላከሩን የሚሠሩ ፋብሪካዎች በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር፤ አንዱ ካሊፎርኒያ፣ አንዱ ጃፓን። በየካቲት 2020 የካሊፎርኒያው ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ሸክላ ለምን ይዘገያል ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

«180 ግራም» የሚለው ከባዱ ሸክላ ይሻላል?

ሲይዙት ደስ ይላል። በቃ። የቦዩ ጥልቀት ያው ነው፤ መርፌው ከስሩ ስንት ግራም ፕላስቲክ እንዳለ አያውቅም። ተራ ሸክላ ከ120 እስከ 140 ግራም ይመዝናል፤ በደንብ ከተቆረጠና ከተጫነ ምንም አይጎድለውም።

አንድ ጊዜ «180 ግራም» የሚል የወርቅ ቀለም ስቲከር ያለው ሸክላ በፖስታ አዘዝኩ። ፕላስቲኩን ቀደድኩ፣ ማጫወቻው ላይ አስቀመጥኩት። መርፌው እንደ ጀልባ ይወጣል ይወርዳል። ሸክላው እንደ ሰሐን ጎብጧል። ሻጩ «ሲቆይ ይስተካከላል» አለኝ። አልተስተካከለም። ክብደት ከመጉበጥ አያድንም፤ አሁን ሸክላ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው በዓይኔ ልክ አግድም ይዤ ጠርዙን ማየት ነው።

የድሮውን ኅትመት ልግዛ ወይስ አዲሱን?

የድሮው ንጹሕ ከሆነና ዋጋው ካላስደነገጠ፣ የድሮውን። ምክንያቱ ናፍቆት አይደለም። ሩዲ ቫን ጌልደር ቀረጻውን ብቻ ሳይሆን ላከሩንም ራሱ ይቆርጥ ነበር። ቴፑን የቀዳው እጅና ሸክላውን የቆረጠው እጅ አንድ ነው። በዚያ ላይ ቴፑ ያኔ ትኩስ ነበር።

እንዴት ታውቃላችሁ? ሸክላውን አውጥታችሁ መብራት ስር አጋድሉት። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ እስከ መሃሉ ወረቀት ድረስ ዘፈን የሌለበት ጥቁር ቀለበት አለ። እዚያ ላይ በጭረት የተጻፉ ወይም በማኅተም የተመቱ ቁጥሮች ይታያሉ። በላቲን ፊደል «ቫን ጌልደር» የሚል የተመታ ማኅተም ካለ እሱ ነው የቆረጠው። ጥፍር የምታክል ጽሑፍ ናት። በጣት ስትዳሰስ ትሻክራለች። ሽፋኑ ምንም ይበል፣ የሸክላው እውነተኛ መታወቂያ ያቺ ናት።

ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ አልበም ሰው ግብዣ ላይ ያጫወተው አልበም ነው። ብዙዎቹ የድሮ ቅጂዎች በከባድ መርፌ ታርሰዋል። ላይ ላዩን እያብረቀረቁ ሳክስፎኑ ከፍ ሲል የሚያንኮሻኩሹ አሉ። የተጎዳ ቦይ በማጠብ አይመለስም። የተበላ የድሮ ሸክላ ከምትገዙ ጥሩ ዳግም ኅትመት ግዙ።

ስቲከሩ ላይ «ከአናሎግ ማስተር ቴፕ» የሚለውን ምን ያህል ልመን?

ማስተር ቴፕ ማለት ድምፁ መጀመሪያ የተቀዳበት ዋናው ቴፕ ነው፤ አናሎግ ማለት ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ቁጥር ያልተለወጠ። ቃላቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። «ከማስተር ቴፕ የተሠራ» ማለት ቴፑ ቀጥታ ከመቁረጫው ጋር ተገናኘ ማለት ላይሆን ይችላል። ቴፑ መጀመሪያ ወደ ዲጂታል ፋይል ተቀድቶ፣ ፋይሉ ሊቆረጥ ይችላል። «ሪማስተርድ» የሚለው ቃል ደግሞ ምንጩን ጭራሽ አይናገርም። አንድ ሰው ድምፁን እንደገና አስተካክሏል ማለት ብቻ ነው። የቆራጩ ስምና ምንጩ በግልጽ የተጻፈበት ኅትመት ካገኛችሁ ጥሩ ምልክት ነው። የሚኮራበት ሰው ስሙን ይጽፋል።

በ2022 በዚህ ጉዳይ ትልቅ ግርግር ተነስቶ ነበር። በአናሎግ ንጽሕናው ተመስግኖ የማይጠገብ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ በመሃል የዲጂታል ደረጃ እንደሚጠቀም ታወቀ። ገዢዎች ከሰሱ። እኔን የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። ለዓመታት «ዲጂታልን በጆሮዬ እለያለሁ» ሲሉ የነበሩ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ሲያወድሱ ነበር። ስለዚህ ከዲጂታል ፋይል ስለተቆረጠ ብቻ ሸክላ አትጣሉ። ውሸቱ ግን ውሸት ነው፤ ለአናሎግ ተብሎ የተጨመረ ዋጋ ተከፍሏል።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድምፁ ለምን ይሻክራል? ሸክላዬ ተበላሽቶ ነው?

ላይሆን ይችላል። ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ ይዞራል፤ ዳር ላይም መሃል ላይም ያው ነው። ዳሩ ላይ ግን ክቡ ትልቅ ስለሆነ በመርፌው ስር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል። መሃሉ ጋ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ በግማሽ ባነሰ ቦታ ላይ ይታጨቃል። ቀጭን ድምፅ፣ በተለይ ሳክስፎን ከፍ ሲልና ሲምባል ሲመታ፣ እዚያ ይሰቃያል።

እዚህ አልበም ላይ ዕድሉ የደረሰው ለሁለተኛው ገጽ መዝጊያ ለ«ፖርጊ» ነው። ደግነቱ ዝግ ያለ ዘፈን ነው፤ ጉዳቱ ብዙ አይሰማም። የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሸክላ ከመቀየራችሁ በፊት የመርፌውን አቀማመጥና ዕድሜ አስፈትሹ። ስምንት አሥር ዓመት ያልተቀየረ መርፌ ይዞ አሳታሚውን የሚራገም ሰው አይቻለሁ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የአልበሙ ባለቤት አሁን ማን ነው? ሌሎቹ የሲቲአይ ሸክላዎች ሌላ ድርጅት እጅ ናቸው፤ ይሄ ለምን ተለየ?

ይህች ታሪክ ትጥመኛለች። ሲቲአይ በ1974 ሸክላዎቹን እንዲያከፋፍልለት ሞታውን ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ ጋር ውል ገባ። ነገሩ አላማረም፤ ገንዘብ አጠረ፣ ጭቅጭቅ መጣ፣ በ1978 ሲቲአይ ኪሳራ አወጀ። አብዛኛው ንብረቱ ወደ ሲቢኤስ ሄደ፤ ዛሬ ሶኒ ጋ ነው። ግሮቨር ለኩዱ የሠራቸው ግን በሞታውን እጅ ቀሩ። ብዙ የሚሸጡት እነሱ ነበሩ፤ ሞታውን ሞኝ አልነበረም። ለዚህ ነው ብዙ ዳግም ኅትመቶች ላይ የአጋዘኑ ስም ጠፍቶ የሞታውን ምልክት የምታዩት።

አሁን ወደ ኋላ ተመለሱ። ማርቪን ጌይ የሞታውን ዘፋኝ ነበር። «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» ከሞታውን ቤት ወጥቶ ኒው ጀርሲ ሄደ፣ በሳክስፎን ተዘፈነ፣ ዞሮ ዞሮ ሞታውን ቤት ገባ። ፖሊግራም በ1993 ሞታውንን ገዛ፣ ፖሊግራም ራሱ በ1998 ወደ ዩኒቨርሳል ተጠቀለለ። የማርቪን አልበምና የግሮቨር አልበም ዛሬ በአንድ ጣሪያ ስር ናቸው።

ግሮቨር ዘፈኖቹን ለመጫወት ፈቃድ ጠይቋል? ዳግም ኅትመቱን ስገዛስ ገንዘቡ ለማን ይደርሳል?

የአሜሪካ ሕግ እዚህ ላይ ቀላል ነው። አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው የራሱን አጨዋወት ቀርጾ መሸጥ ይችላል። ደራሲው እምቢ ማለት አይችልም፤ ግን በሕግ የተቆረጠ ክፍያ ያገኛል። ከ1909 ጀምሮ ክፍያው በአንድ ቅጂ፣ በአንድ ዘፈን 2 ሳንቲም ነበር። በ1971ም ያው 2 ሳንቲም ነው። ስልሳ ምናምን ዓመት አልተነካም! በ2024 12.4 ሳንቲም ደርሷል፤ ከአምስት ደቂቃ በላይ ለሆነ ዘፈን ደግሞ በደቂቃ ይሰላል። ዳግም ኅትመትም አዲስ ቅጂ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምትገዙት ሸክላ ላይ ደራሲዎቹ ወይም ወራሾቻቸውና አሳታሚዎቻቸው ድርሻ አላቸው።

አጃቢዎቹ ግን ሌላ ነው። የስቱዲዮ ሙዚቀኛ በተለምዶ የሚከፈለው ለቀረጻው ሰዓት ነው። ያቺ ባስ፣ ያቺ ከበሮ ስንት ጊዜ ብትታተም የደራሲ ክፍያ አታመጣም። በስሙ ያወጣው አርቲስት እንደ ውሉ ድርሻ ያገኛል።

የሚያስቸግረው የግሮቨር የራሱ ፈጠራ ነው። ዜማውን ለቅቆ የሄደባቸው እነዚያ ደቂቃዎች፣ ማርቪን ጌይ ያልጻፋቸው፣ እዚያው ቆሞ ያመጣቸው ሐረጎች የማን ናቸው? ቀረጻው የአሳታሚው ነው። ድርሰቱ ግን በሕጉ ዓይን አልተነካም። የሸክላው መሃል ወረቀት ላይ ከዘፈኑ ርዕስ ስር የሚሰፍረው የደራሲዎቹ ስም ነው፤ ማርቪን ጌይ እና ጄምስ ኒክስ። ግሮቨር ያለው ሽፋኑ ላይ ነው።